የተበጠሰው ድር

ተረት ተረት ስላችሁ ቀስ ብላችሁ «የላም በረት» በሉኝ።

ሸረሪት ከዛፍ ዛፍ ድር ዘርግታ ነበር። ጠላት ያየ ድሩን ሲነካው ጫካው ሁሉ ይሰማል፤ ጅግራም ጫጩቶቿን የምታተርፈው በዚሁ ነበር። አንድ ቀን ግን ድሩ «አለቃችን ጅብ የሚዳቋን ግልገል በላ» የሚል ወሬ ይዞ ዞረ።

«ለናንተው ሰላም ብዬ ነው» አለ አያ ጅቦ፣ ድሩን እየበጣጠሰ።

በማግስቱ ሸለምጥማጥ መጥቶ የጅግራን ጫጩቶች ለቃቅሞ በላቸው።

«እንኮዬ ጦጣ፣ ዛፍ ላይ ተቀምጠሽ ሲመጣ አላየሽውም?» አለች ጅግራ።

«አየሁት።»

«ታዲያ ያ ጫካ የሚያናጋ ጩኸትሽ የት ገባ?»

«ድሩ ሲበጠስ፣ መጮህም የተከለከለ መስሎኝ ነው እህቴ።»

ጅግራ ልታለቅስ አፏን ከፈተች። ወደ ጅቡ ዋሻ አየችና መልሳ ገጠመችው።