የእታገኝ ጉድጓድ

በመንደራችን አንድ ሰው የሌላውን አዲስ ቤት፣ የሌላውን ያማረ ሰብል ወይም የሌላውን የተማረ ልጅ እያየ ከንፈሩን ሲነክስ ከተገኘ፣ አጠገቡ ያለው ሰው አንዲት አጭር ነገር ጣል ያደርግበታል። ዛሬ የሚተርቷት ልጆች ከየት እንደመጣች አያውቁም፤ ከሩቅ አገር የመጣች የሚመስላቸውም አሉ። የለም፣ የተወለደችው እዚሁ ከእኛ ግቢ ጎን ነው። ስትወለድ ቆሜ ስላየሁ ታሪኳን ልንገራችሁ። እሷን ራሷን ግን አስቀድሜ አልናገርም፤ ተረት ያለ ታሪኩ ቢነገር ጨው እንደሌለው ወጥ ነው።

መንደራችን ከእነዋሪ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው። ዋልካን የማያውቅ ካለ፣ ጥቁር፣ ጭቃው ጫማ የሚያስወልቅ፣ ለጤፍና ለምስር የሚወደድ፣ ለቤት ግን የማይታመን አፈር ነው። በበጋ ይሰነጠቅና የበግ ግልገል እግር ይውጣል። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና የተቀመጠበትን ሁሉ ሽቅብ ይገፋል። የድሮ ቤቶቻችን የእንጨትና የጭቃ ስለነበሩ አፈሩ ሲነሳ አብረው ይነሱ፣ ሲተኛም አብረው ይተኙ ነበር፤ መስከረም ሲጠባ የተሰነጠቀው በጭቃ ይለጠፍና ነገሩ ያበቃል። ችግሩ የመጣው ከአርማታ ጋር ነው። አርማታ መጎንበስ አያውቅም፤ ወይ ይቆማል፣ ወይ ይሰበራል።

እንግዲህ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። ታላቋ አሰገደች፣ ታናሿ እታገኝ ይባላሉ። አባታቸው ሲሞት ግቢውን እኩል ተካፍለው መሀሉን በድንጋይ ካብ ለዩት። እናታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚኖሩት ከታላቋ ዘንድ ነበር። አሰገደች በዚህ ትኮራ ነበር፤ ሰው "እናትሽ እንዴት ናቸው?" ብሎ ሲጠይቃት "ደህና ናቸው" በማለት ፈንታ "እኔ ጋ ናቸው" ብላ ነበር የምትመልሰው።

አንድ በጋ እታገኝና ባሏ ዘውዴ የአርማታ ቤት ሊሠሩ ተነሱ። የመስከረም ጭቃ ደረቅ ሲል መቆፈር ጀመሩ። ገና አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ፣ እነሱ ከጉድጓድ አልወጡም። ጥቁሩን አፈር እየዛቁ ከግቢ አወጡት፤ ጠንካራ መሬት እስኪያገኙ ድረስ ወረዱ። ከዚያ ደግሞ ገረጋንቲ የሚባለውን የማያብጥ ጠጠራማ አፈር በጋሪ እያስመጡ፣ ስስ አድርገው እየደለደሉ፣ ውሃ እያርከፈከፉ፣ እየጠቀጠቁ ያንኑ ጉድጓድ መልሰው ሞሉት። ያጠራቀሙት ሁሉ እዚያ ገባ። በጋው ሲያልቅ ለዓይን የሚሞላ አንዳች ነገር አልነበረም።

አሰገደች የዚያን በጋ የሳቀችውን ያህል በዕድሜዋ ስቃ አታውቅም። ካቡን ተደግፋ ትመለከትና፣ እህቷ ቤት እሠራለሁ ብላ ጉድጓድ ሠርታ እንደቀረች ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራለች። ቆፍሮ መልሶ የሚሞላ ሰው ያየችው በቀብር ላይ ብቻ እንደሆነም ተናግራለች። እኛም ስቀናል፤ ምላሷ ይጣፍጥ ነበር። እታገኝ የመለሰችላት አንድ ቀን ብቻ ነው።

"እትዬ፣ ይህ መሬት እንደማይታመን ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ" አለቻት፣ አካፋዋን ሳታስቀምጥ።

ቤቱ የወጣው በቀጣዩ ዓመት በጋ ነው። አርማታው የተሞላ ዕለት መንደሩ ደቦ ወጥቶ ባልዲ ተቀባበለ። የእኛ አገር የበጋ ፀሐይና ንፋስ እርጥበቱን ቶሎ ስለሚመጥጠው ውሃ ያልጠጣ አርማታ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እታገኝ በጆንያ እየሸፈነች ጠዋትና ማታ ታጠጣው ነበር። ክረምቱ መጣ፣ ዘነበ፣ ሄደ። ቤቱ የፀጉር ያህል እንኳ ስንጥቅ አላወጣም። ይሄኔ ጉልበታቸውን ብርድ የሚያሰቃያቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልብሳቸውን በነጠላ ቋጥረው፣ ካቡን ዞረው፣ ከታናሿ ልጃቸው ቤት ገቡ። ደረቅ ወለል እንደሚሻላቸው ተናገሩ፤ ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም።

አሰገደች ግን ሌላ ምክንያት ሰማች። እናቷ ከሁለቱ አንዷን የመረጡ መሰላት። ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው በዚያ ቤት ላይ ነው። እናቷ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ፣ እታገኝ ጉልበታቸውን በቅቤ ስታሽላቸው ታያለች። ቀንታ ነበር፤ ሌላ ስም አንፈልግለት። ከቤቱ ይልቅ ያንገበገባት ደግሞ የእናቷ ሳቅ ነው። እሷ ዘንድ በነበሩ ጊዜ እንዲህ ሲስቁ ሰምታ እንደሆነ ለማስታወስ ትሞክርና አይመጣላትም። የእናቷን ደኅንነት የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ መንገድ ትቀይር ጀመር።

በመጨረሻ ሁለቱን ሰንጋዎቿን ሸጠች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቿም ከተማ ነበሩና የሚከለክላት አልነበረም። የእህቷን ቤት የሠራውን ግንበኛ፣ ጥላዬን አስጠራችና ካቡ አጠገብ ወሰደችው።

"የእታገኝ በረንዳ ሦስት ምሰሶ አለው" አለችው፣ "የኔ አምስት ይሁን። ምሰሶውም ይወፍር። ወለሉን ከሷ ከፍ አድርግልኝ፤ ተቀምጬ ቁልቁል ልያት።"

ጥላዬ ስለ መሠረቱ ጠየቃት። የእታገኝ ዓይነት ከተፈለገ ዘንድሮ ተቆፍሮ፣ ተሞልቶ፣ ቤቱ ለከርሞ እንደሚወጣ ነገራት።

"ከመሬት በታች ያለውን ማን ያየዋል?" አለችው። "ከክረምት በፊት እናቴ እዚህ መግባት አለባት።"

እሱም አልተከራከረም። አሰገደች ለሠራተኛ የምታቀርበው ምሳ የታወቀ ስለነበር ሥራውን ማጣት አልፈለገም።

ልብ በሉ፣ ይህች ሴት ዋልካን የማታውቅ አልነበረችም። መቼ እንደሚዘራበት፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚጠነፈፍ እሷን የሚያህል በመንደሩ አልነበረም። ቅናት ግን ሰውን የሚያውቀውንም ያስረሳዋል። መሠረቱን እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አስቆፈረች። ወለሉ በቀጥታ በጥቁሩ አፈር ላይ ተሞላ። ለጉድጓዱ መዋል የነበረበት ሁሉ ለአምስቱ ወፋፍራም ምሰሶዎች ዋለ፤ በሩም ከእህቷ በር የሚበልጥ የብረት በር ሆነ። እታገኝ አርማታዋን ጠዋትና ማታ ስታጠጣ አይታለችና እሷ ደግሞ በራሷ አርማታ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ታጎርፍ ነበር። ውሃው ደግሞ እየወረደ ወደ ዋልካው ይገባል። በዓይኗ ባየችው ነገር ሁሉ እህቷን በለጠቻት።

ግንቦት ላይ ቤቱ አለቀ። አሰገደች ነጭ ለብሳ እህቷ በር ላይ ቆመችና እናቷን ጠራች። የእናቷን ጓዝ ተሸክማ ያሻገረችው ራሷ እታገኝ ናት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኛም እልል ብለን አስገባናቸው። ሰኔን በሙሉ አሰገደች ያላት ደስታ ለጎረቤት ይተርፍ ነበር። ሳትጠየቅ ሁሉ "እኔ ጋ ናቸው" ትል ነበር።

ሐምሌ ገባ። ዋልካው ጠጣ፣ ጠጣና ተነሳ። መጀመሪያ የወለሉ መሀል እንደቦካ ሊጥ ከፍ አለ። ከዚያ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተሰነጠቀ። አሰገደች ስንጥቁ ላይ ቁርበት አነጠፈችበት፤ ሲሰፋ ደግሞ አግዳሚ ወንበር አመጣችና ከለለችው። ከበረንዳው ምሰሶዎች አንዱ ሲያዘነብል፣ ድሮም እንደዚያ ነበር አለችን። ጥላዬን ብታስጠራው ለሥራ ቆላ ወርዷል አሉ። እናቷ ስለ ወለሉ ሲጠይቋት አርማታ ሲበርደው እንደዚያ ያደርገዋል ብላ መለሰች። እውነቱ ከካቡ ማዶ እንዳይሰማ ነበር ጭንቀቷ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ የብረቱ በር እምቢ አላት። ገፋችው፣ በትከሻዋ መታችው፤ ከላይ ግድግዳው ተጭኖት፣ ከታች ወለሉ ሽቅብ ገፍቶት ነክሶ ይዞታል። እናቷ ከውስጥ ነበሩ።

"ምን ሆነሽ ነው?" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከውስጥ።

"ምንም አይደለም እማ፣ ቁልፉ ነው" አለች።

የመስኮቱ ብረት ሰው አያሳልፍም። የሚደርስላት የቅርብ ሰው ከካቡ ማዶ ነበር፤ እታገኝ በረንዳዋ ላይ ስንዴ ስትለቅም ትታያለች፣ አንድ ጥሪ ይበቃ ነበር። አሰገደች ግን አፏ አልከፈት አላት። እህቷ መጥታ ያንን ወለል ስታይ፣ ያንን ቁርበት ስታነሳ ታያት። ያቺ የሳቀችባት ጉድጓድ ታየቻት። እናቷ ከውስጥ እያሉ፣ እጇን በሩ ላይ አድርጋ፣ መጥራትና አለመጥራቱን ስታማርጥ ቆመች። ይህን እኔ በአጥሬ ቀዳዳ አይቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ የመሰለኝ ጸሎት የምታደርግ ነበር።

ከዚያ ከላይ አንድ ብሎኬት ተላቆ ወደ ውስጥ ወደቀ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ "ኧረ ልጄ" አሉ።

"እታገኝ!" ብላ ጮኸች አሰገደች። "እታገኝ፣ እማዬ ከውስጥ ናት!"

እታገኝ ካቡን አልዞረችም፤ ዘለለችው። ዘውዴ የብረት ዘንግ ይዞ ተከተላት። እኛም ደረስን። በሩን ከነመቃኑ ፈልቅቀን እስክናወጣው ድረስ እታገኝ በመስኮቱ እጇን አስገብታ የእናቷን እጅ ይዛ ነበር። አሮጊቷ አቧራ ለብሰው ወጡ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብሎኬቱ የወደቀው አጠገባቸው ነው። ካቡ ላይ አስቀመጥናቸው። እታገኝ በነጠላዋ ፊታቸውን ስትጠርግ ታለቅስ ነበር፤ ወደተሰነጠቀው ወለል ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

አሰገደች ራቅ ብላ ቆመች። እናቷ እጃቸውን ዘርግተው ነይ፣ ሦስታችንም እዚያ ማዶ እንግባ አሏት። ከዚያ ሁሉ ቅናት በኋላ በእህቷ በር መግባት ከሞት የባሰባት መሰለኝ፤ አልተንቀሳቀሰችም።

"እማ" አለች በመጨረሻ፣ "ሰንጋዎቼን ሸጬ ነው የሠራሁልሽ። ምሰሶዬ ከሷ ይበዛል። ወለሌ ከሷ ከፍ ይላል። ከሷ ቤት ምን አጎደልኩብሽ?"

ሁላችንም ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚቆጧት መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ከካቡ ወርደው ወደ እሷ ሄዱ፤ አገጯን ያዙና፣ ለልጅ እንደሚነገር ቀስ ብለው ተናገሩ።

"መቅናትሽንስ አልከለክልሽም ልጄ፤ ግን ግማሹን ቀንተሽ ግማሹን ሳቅሽበት፤ በቤቱ የቀና፣ በጉድጓዱም ይቅና።"