ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ገመድ

አንድ ማለዳ ሦስት የእድር ሽማግሌዎች ወደ አንዲት ጸሐፊ ሱቅ ገቡ። ሴትዮዋ የሚጻፍ ነገር ይዘው የመጡ መስሏት ወንበር ሳበችላቸው። አልተቀመጡም። መካከለኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ፣ "ልጄ፣ አይዞሽ። ወንድሙን ሊጠይቅ የሄደው ባልሽ ትናንት እዚያው ዐረፈ" አሏት። አስከሬኑ በመንገድ ላይ ነው፤ ቀብሩም በዚያው በመርዶው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር።

ለቀስተኛው ግቢውን ሲሞላ የሟቹ ታላቅ እኅት፣ እትዬ ላቀች፣ ክንዷን ይዘው አስነሷት። "የሕይወት ታሪኩን ከአንቺ ሌላ ማን ይጽፈዋል? ፎቶም አውጪለት። የአገሩን ሟች ሁሉ አሳምረሽ ስትሸኚ ኖረሽ ወንድሜን ባዶውን አትሸኚው።" እውነታቸውን ነው። በዚያች ከተማ ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ሁሉ የሚወጣው ከእሷ እጅ ነበር።

ፎቶው ግን ያለው በባሏ ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ባልና ሚስቱ የሚሠሩት በአንድ ሱቅ፣ በመጋረጃ ተለይተው ነበር። የእሷ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ያለው አዲስ ነው፤ የእሱ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም የጫነበት አሮጌ። ፕሪንተሩ ያለው በእሷ በኩል ነው። ከዓመታት በፊት ባልየው ሁለቱን በገመድ አገናኝቶ፣ "የእኔን ፎልደር ከፍቼልሻለሁ። አንቺም ክፈቺልኝና ሥራ በኔትወርክ እንቀባበል" ብሏት ነበር።

"ያ ጉድህ ቫይረስ ያመጣብኛል።"

"ኧረ አይነካሽም! ሲስተማቸው ቢለያይስ? እኔና አንቺስ አንድ አገር አደግን? ይኸው አንድ ጣሪያ ሥር ነን።"

እሷ ግን እሱ ሳያይ በራሷ ኮምፒውተር ላይ ኔትወርኩን ዘጋችው። ሲጠይቃት፣ "ማሽንህ ከእኔ ጋር አይግባባም" አለችው። አመናት፤ ወይም ያመነ መሰለ። ከዚያ ወዲህ የሚታተም ሥራ ባለው ቁጥር በፍላሽ ይዞ፣ መጋረጃውን ገልጦ ይመጣል። ደንበኛ ካለ፣ "ተራህን ጠብቅ" ትለዋለች። ሰው ይስቃል።

"ደንበኛ ንጉሥ ነው አላልሽም?" ይላል እሱም እየሳቀ።

"የሚከፍለው ነዋ!"

አንድ ቀን ሱቁ ሰው ሞልቶት ሳለ፣ "እሱና ኮምፒውተሩ አንድ ናቸው፤ ከሰው አይግባቡም" አለች። ያን ቀን አልሳቀም። ፍላሹን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ወደ ጓዳው ተመለሰ።

አሁን ከእትዬ ላቀች ጋር ሱቁ ገብታ፣ መጋረጃውን ገልጣ የባሏን ኮምፒውተር አበራችው። ፓስዎርድ ጠየቃት። አታውቀውም፤ ጠይቃው አታውቅም። ወደ ራሷ ወንበር ተመለሰች። የዘጋችው እሷው ናትና የሚከፈትበት ቦታ አልጠፋትም። አንዲት ምልክት መንካት ብቻ ነበር። ነካችው። የባሏ ኮምፒውተር ስም ወዲያው ብቅ አለ፤ ፎልደሩም ፓስዎርድ እንኳ ሳይጠይቃት ተከፈተ።

ውስጡ የዓመታት ሥራው ሁሉ አለ። እያንዳንዱ ሥራ ሁለት ሁለት ጊዜ ተቀምጧል፤ አንዱ በእሱ ፕሮግራም፣ ሌላው በእሷ ፕሮግራም እንዲከፈት ሆኖ። አንድ ቀን በሩን የከፈተች እንደሆነ እንዳትቸገር አስቦላት ኖሯል። ወደ ወንድሙ ሊሄድ ሲል የሠራው የመጨረሻ ሥራ እንኳ እንደዚያው ነው።

"ምነው? ፎቶው ጠፋ እንዴ?" አሉ እትዬ ላቀች።

"አለ" አለች። "ሁሉም አለ።"

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እትዬ ላቀች ለቅሶ መሰላቸው። እፍረት ነበር።

ፎቶው ታተመ። የሕይወት ታሪኩንም ጀመረችው፤ ግን ለሟች ሁሉ ሳታስብ የምትጽፈው መስመር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። "ከባለቤታቸው ጋር በፍቅርና በመግባባት ኖረዋል" የሚለው ነው።

"ጻፊው እንጂ፣ ሰዓቱ ደረሰ! ውሸት ነው እንዴ?" አሉ እትዬ ላቀች።

"በእሱ በኩል እውነት ነው።"

ያን መስመር አጠፋችውና፣ "ባለቤታቸውን በፍቅርና በትዕግሥት አኖሩ" ብላ ጻፈች። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲነበብ ሰው ሁሉ፣ "እንዴት ይዋደዱ ነበር!" እያለ ከንፈሩን መጠጠላት። ቀና ማለት ያቃታት እሷ ብቻ ነበረች።

ሲስተማቸው የተለያየ ኮምፒውተሮች ይግባባሉ፤ የማይግባቡት አንዱ ወገን ሲዘጋ ነው። "ከእኔ ጋር አይግባባም" የምንለው ሰው በሩን ከፍቶ ስንት ዓመት ጠብቆን ይሆን? መዝጊያውስ ያለው በማን በኩል ነው? ሰውየው በሕይወት ሳለ ይታይ፤ ከቀብር በኋላ የሚከፈት በር ፎቶ እንጂ ሰው አይመልስም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ለዚያ ትዕግሥተኛ ባል አንድ ጸሎት አድርሱለት። የክርስትና ስሙ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። ነፍሱ በደረሰችበት ደጅ፣ "ተራህን ጠብቅ" የሚላት አይኑር።