አንጓችና የአጥሩ ሥር ሳማ

ጆሮ ያላችሁ ወዲህ ቅረቡ፤ ተክሉም ብረቱም እንደ ሰው ይናገር በነበረበት ዘመን የሆነውን ልንገራችሁ።

አንጓች የምትባል፣ ባሏ የሞተባት የአራት ልጆች እናት ነበረች። ያላት አንድ መደብ ጎመን ብቻ ነው። ጎመኑ ግን ሰው ያማርራል። በነጋ ቁጥር “ውሃ ጠማኝ!” ይላል፤ ታጠጣዋለች። “ፀሐዩ በረታብኝ!” ይላል፤ ዳስ ትሠራለታለች። “ትል በላኝ!” ይላል፤ ትሉን ስትለቅም ትውላለች።

“ኧረ በፈጠረህ!” አለችው ምርር ብሏት። “ልጆቼ እንኳ እንዳንተ አያለቅሱም!”

ከአጥሩ ሥር ደግሞ ማንም ያልተከለው ሳማ ነበር። ባለፈች ቁጥር እግሯን ይለበልባታል። በማጭድ አጨደችው፤ በቀለ። ደግማ አጨደችው፤ በቀለ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትነሳ ማጭዱ ራሱ ታከተው።

“እመቤቴ፣ ጥርሴ እኮ አለቀ! ይህን ያህል ከምታጭጂው ለምን አትበዪውም?”

“ሳማ? ይህን የሚያቃጥል?”

“ድስት ውስጥ ገብቼ ማንን አቃጥዬ አውቃለሁ?” አለ ሳማው ተናዶ። “ዝናብ ቀረ ብዬ አልጮህኩብሽ፣ ትል አልቀመሰኝ። አንቺ ግን ልጆችሽን በባዶ ሆድ እያሳደርሽ እኔን ትቆርጪኛለሽ!”

አንጓች እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ለጋ ለጋውን ቀነጠበች፤ ቀቀለችው፤ ዱቄት ነስንሳ አማሰለችው። ልጆቿ ድስቱን ጠርገው በሉ።

በማግስቱ ሥሩን ከፍላ ከጎመኑ ጎን ተከለች። ሲበዛላት ቅጠሉን በቅርጫት ይዛ ገበያ ወጣች። መጀመሪያ ቀን ጎረቤቶቿ ሳቁባት፤ “ነገ ደግሞ እሾህ ታመጣለች!” አሉ። በሁለተኛው አንድ ሽማግሌ አሠራሩን ጠይቀው እፍኝ ወሰዱ። በሦስተኛው ጥቂት አብስላም ይዛ ወጣችና አላፊ አግዳሚውን አስቀመሰች። አንዲት ምግብ ሻጭ ቀምሳ ጥሬ ቅጠሉን ከነቅርጫቱ ገዛቻት፤ “በየሳምንቱ አምጪልኝ” አለቻት።

ወሬው ሲሰማ የሳቁት ሁሉ ወደ ዱር ሮጡ። ሳማውን ከነሥሩ እየነቀሉ ሸጡት። ወር ሳይሞላ በዱሩ አንድም አልቀረም። ያን ጊዜ ደጇ ተሰለፉ።

“አንጓችዬ፣ እባክሽ ትንሽ ሥር…”

በሩን ልትዘጋባቸው ቃጣት። ልጆቻቸውን ስታይ ግን አልቻለችም።

“እንኩ! ተክላችሁ ቅጠሉን ብቻ ቀንጥቡ፣ ሥሩን ተዉት፤ መልሶ ይበቅላል! ይህችን የምታህል ነገር እንዴት አታውቁም?”

እናንተም ስሙ፦ በደጃችሁ የበቀለውን ሳትሞክሩት አትጣሉት። ጥቅሙን ስታውቁ ደግሞ ዱሩን አታራቁቱ፤ ተክላችሁ ብሉ፣ ተክላችሁ ሽጡ።