መሰርሰሪያውና ሳይነካ የሚበሳው መዳብ

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ።

ድሮ ድሮ፣ ብረት ሁሉ እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን፣ በአንድ የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ ውስጥ አንድ መሰርሰሪያ ነበር። ኧረ ጉራው! ጠዋት ጠዋት ወገቡን ሁለት ጊዜ ሳያሽከረክር ለማንም ሰላም አይልም።

አንድ ቀን ቅጠሊት መጣች። ቅጠሊት ሞተር ውስጥ እሳት ፊት የምትሽከረከር፣ ቅጠል የመሰለች ጠንካራ ብረት ናት።

«ጌቶቼ፣ ገላዬ ላይ ቀጫጭን ቀዳዳ ብሱልኝ» አለች። «ነፋስ ካልገባልኝ እሳቱ ያቀልጠኛል። ቀዳዳ ከሌለኝ ደግሞ ምን ትሠራለች ብለው ነገ ለቁራሌው ይሰጡኛል።»

«እኔ እያለሁ!» አለ መሰርሰሪያ።

ከውኃ ገንዳው ዳር የተቀመጠ አንድ ቀጭን መዳብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ትጠነክርብሃለች። እኔ ልሞክር? እኔ ሳልነካት ነው የምበሳት» አለ።

«ሳትነካት? በምን፣ በምኞት?» ብሎ ሳቀ መሰርሰሪያ። «ባስነጥስብህ የምትጣመም!»

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። አንዴ ዞረ፤ አንሸራተተው። «ዘይቱ በዝቶ ነው» አለ። ሁለተኛ ዞረ፤ ጨሰ። «ዘይቱ አንሶ ነው» አለ። ሦስተኛ ባለ በሌለ ኃይሉ ዞረ፤ ቀጭ! ጫፉ ተሰብሮ ቅጠሊት ውስጥ ተቀረቀረ። አሁን ዘይቱን ምን ይበለው?

«ወይኔ ጉዴ!» ብላ አለቀሰች ቅጠሊት። «ብሱኝ ብዬ ብመጣ ጭራሽ ወተፋችሁኝ!»

መሰርሰሪያ አፈረ። ከራሱ ስብራት ይልቅ የእሷ ለቅሶ አንጀቱን በላው።

«መዳብ፣ ወንድሜ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እባክህ ስባሪዬን አውጣልኝ።»

«ሳልነካህ?» አለ መዳብ።

«ሳትነካኝ» አለ፤ ምን ያድርግ።

መዳብ ከቅጠሊት ጋር ውኃው ውስጥ ገባ። ጠጋ አለ፣ ግን አልነካትም። በመሀላቸው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ዘለለ፤ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። መጀመሪያ ስባሪው ተፈርፍሮ ወጣ፤ ቀጥሎ ቅጠሊት ተበሳች። በእያንዳንዱ ብልጭታ መዳብም ትንሽ ትንሽ እያጠረ ነበር፤ ሲያጉረመርም ግን የሰማው የለም።

«እፎይ፣ ነፋስ ገባልኝ!» አለች ቅጠሊት። በማግስቱ ቁራሌው መጥቶ ባዶ ጆንያውን ይዞ ተመለሰ።

መሰርሰሪያ ዛሬም ጉራውን አልተወም። አዲስ የመጣውን ሁሉ ይዞ፣ «ያን ቀጭን አየኸው? ሳይነካ ነው የሚበሳው! ከጉድ ያወጣኝ እሱ ነው» ይላል።

ልጆቼ፣ ሥራ እምቢ ሲላችሁ ዘይቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ጥግ ላይ ዝም ያለውን ጠይቁት። እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ደግሞ ትናንት የሳቃችሁበትን ሰው ፈልጉት።