ቤትህ አስረድተህ አምጣት

እግዚአብሔር አንደበት ሲያድል ፊደል የቆጠረ፣ ያልቆጠረ ብሎ አይመርጥም። አንድ ሸማኔ ነበር። ልጁ ትርሲት በከተማው ውስጥ ስመ ጥር በሆነ ትምህርት ቤት ትማራለች። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ ግጥም ለቤት ሥራ ተሰጣትና የከባባዶቹን ቃላት ፍቺ ሳትጽፍ ቀረች። ርዕሰ መምህሩ አቶ መንግሥተአብ ከክፍሏ አስወጧትና አባትየውን አስጠርተው ወላጆች በተሰበሰቡበት መሐል አቆሙት።

«ለምን አላስጠናሃትም?» አሉት።

«እንግሊዝኛ አላውቅም፣ ጌታዬ። ስታጠና አጠገቧ ተቀምጬ ጸለይኩላት።»

«እዚህ ጸሎት አናርምም። ግጥሙን ቤትህ አስረድተህ ካላመጣሃት፣ ከነገ ጀምሮ እኛ ዘንድ ቦታ የላትም።»

ሸማኔው ጋቢውን አስተካከለና፣ «ጌታዬ፣ ይህችኑ ልጅ ክርስትና ላስነሳ የወሰድኳት ዕለት ቄሱ ተቀብለው አጠመቁልኝ። ‹መጀመሪያ ቤትህ አጥምቀህ አምጣት› ብለውኝ ቢሆን ኖሮ፣ ‹እንግዲያው አባቴ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ይዝጉና ወደ እርሻዎ ይሂዱ› እላቸው ነበር» አለ።

ወላጆቹ በሳቅ ፈረሱ። አቶ መንግሥተአብም ልጅቷን ራሳቸው ወደ ክፍሏ መለሷት፤ ዕርፍ ጨብጦ ከማረስ ግጥም ማስረዳት ሳይቀላቸው አልቀረም።