የጓንጉል ውጋት

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ግድግዳውን አትፋቅ፤ አንቺም ጆሮሽን ከሻሹ አውጪ፤ ትልልቆቹም ብትሰሙ አይጎዳችሁም።

ድሮ ድሮ፣ እኔም ሳልወለድ፣ አያቴም ሳትወለድ፣ ስሙ በጠፋ አገር፣ ጉብታ ላይ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በዚያች ደብር አሥራ ሁለት ቤቶች ሰንበቴ ይጠጡ ነበር። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ መምሬ ስሜነህ ይባርካሉ፤ ፊት የኔ ቢጤዎች ይበላሉ፤ ከዚያ ማኅበርተኛው ይከተላል። ሲያበቃ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል።

ከአሥራ ሁለቱ አንዱ አያ ጓንጉል ነበር። ጎተራው ሙሉ፣ እጁ ጭብጥ። «ሚስት ትበላለች» ብሎ ሚስት አላገባም፤ «ውሻ ይልሳል» ብሎ ውሻ አላሳደገም። ሌላው ሲደግስ ግን ቀድሞ እጁን ታጥቦ የሚቀመጠው እሱ ነው!

ተራው ሲደርስ፣ «ጠላው ሆመጠጠብኝ» አለ። የኔ ቢጤዎች ጦማቸውን ዋሉ። ሌላ ዙር ሲደርስ፣ «በሬዬ ጠፋብኝ» አለ። የኔ ቢጤዎች ጦማቸውን ዋሉ። በዚህን ጊዜ ማኅበርተኛው ተቆጣ።

«ይሰረዝ! ሆዱ እንጂ እጁ ማኅበርተኛ አይደለም!»

እትየ አንጓች ግን መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና ተነሣች። ልጅ የሌላት፣ ዘመድ የሌላት መበለት ናት። ብትታመም የሚጠይቃት፣ ብትሞት የሚቀብራት ሰንበቴው ብቻ ነው።

«አልተወውም» አለች። «ስድቡን ለምዶታል፤ እንደ ጋቢ ይደርበዋል። አንድ ዙር ስጡኝና በደግነት ልያዘው።»

«ባይሆንስ?»

«የእሱን ስም ስትፍቁ የእኔንም ፋቁት።»

መምሬ ስሜነህ እንኳ ደነገጡ። «አንቺ ሴት፣ ለዚህ ሰው ብለሽ ቀባሪ ልታጪ ነው?»

«አልተወውም አልኩ እኮ አባቴ!»

ዙሩ ዞረ። ክረምቱ ገባ። ጓንጉል ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። በእሑዱ ግን የጓንጉል ጥላውም የለ። «ጎኔን ወጋኝ፣ መነሣት አልቻልኩም» ብሎ ላከ።

«አላልንሽም?» አሉ ሁሉም ወደ አንጓች ዞረው።

አንጓች መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። ጠርጥራ ኖሮ፣ የማድጋዋን ዱቄት አራግፋ አንድ ድፎ ጋግራ አምጥታለች። «የታመመ ማኅበርተኛ ይጠየቃል። ሕጋችን ነው። ስምንት ቀንም ይታገሡታል። ይኸም ሕጋችን ነው። ተነሡ፣ ድፎውን እዚያው እንቆርሳለን!»

መምሬም፣ ማኅበርተኛውም፣ የኔ ቢጤውም ተግተልትሎ ጓንጉል ቤት ገባ። ጓንጉል ዘሎ ጋቢው ውስጥ ተጠቀለለ። ድፎው አፍንጫው ሥር ተቆረሰ። እጁን ከጋቢው ብቅ ሲያደርግ አንጓች ቀስ አድርጋ መለሰችለት።

«ጎኑን የተወጋ ሰው ዳቦ አይበላም፤ ይጎዳሃል። አጥሚት አምጥቼልሃለሁ።»

«ጠበልም ያስፈልገዋል» አሉ መምሬ፤ ነገሩ ገብቷቸዋል።

ልጆቼ፣ የክረምት ጠበል ታውቃላችሁ? ሰኞ ጠዋት አንድ ቅል ሙሉ በጀርባው ወረደ። «እንዴት አደርክ አያ ጓንጉል?» «ኡኡ! አልተሻለኝም!» አጥሚት። ማክሰኞም ጠበል፣ «እንዴት አደርክ አያ ጓንጉል?» «አ-አ-አልተሻለኝም!» አጥሚት። ተሻለኝ ቢል ሊደግስ ነው፤ አልተሻለኝም ቢል ጠበል ነው። ሙሉ ጎተራ አጠገቡ አለ፤ እሱ ግን ጠያቂ ከደጁ ስለማይጠፋ አንዲት ፍሬ ማንሣት አልቻለም። አንጓች ደግሞ የዕለት ጉርሷን አጥሚት እያደረገች ለእሱ ታመላልሳለች፤ ራሷ ጎመን ቀቅላ ታድራለች። አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላጠቆረችበትም። ይኸ ነው የገረመኝ እኔን!

ቅዳሜ ሆነ። ነገ ስምንተኛው ቀን ነው፤ ጽዋው ካልተመለሰ ሁለት ስም ይፋቃል። ዝናቡ እየወረደ ሳለ በሩ ላይ የበትር ኳኳታ ተሰማ። ዐይነ ስውሩ የኔ ቢጤ፣ አባ ፈንታ ናቸው። ጭቃ በጭቃ ሆነዋል።

«አያ ጓንጉል፣ አለህ?»

«አለሁ አባ። በዚህ ዝናብ ምን አመጣዎት?»

«እሑድ ሁሉም ሲበላ አንተ አጥሚት ብቻ ስትጠጣ ሰማሁ። ማልቀስህም ተሰማኝ። አንተ ታመህ ለእኔ እህል እንዴት ይወርድልኛል?» የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ከእሑዱ ድፎ ያስቀሩት የደረቀ ቁራሽ ነው። «አፍህን ክፈት፤ ላጉርስህ።»

ጉርሻ እንቢ አይባልም፤ ጓንጉል ጎረሰ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገም» አሉ አባ ፈንታ።

ነጠላው ጫፍ ላይ የቀረችው አንዲት ጉርሻ ብቻ ናት።

«እርስዎስ አባ? ምን በሉ?»

«እኔማ ነገ እሑድ ነው፣ እበላለሁ። ተረኛው ማን እንደሆነ እንጃ እንጂ።»

ጓንጉል ሁለተኛዋን ጎርሶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አጥሚት ይዛ የገባችው አንጓች ደነገጠች።

«ምነው አያ ጓንጉል፣ ጎንህ ባሰበት?»

«ዛሬ ነው የወጋኝ አንጓች። እስከ ዛሬ ውሸቴን ነበር።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች አንጓች።

«አውቀሽ ነው ማድጋሽን ያራገፍሽልኝ?»

«ካልታመምክማ ለምን እጠይቅሃለሁ? ታመሃል፤ ጎንህን አይደለም እንጂ።»

ጓንጉል ጋቢውን ወርውሮ ጎተራውን ከፈተ። በሕይወቱ ጋግሮ አያውቅም። አንጓች ላግዝህ ብትለው እንቢ አለ፤ ራሱ አቦካ፣ ራሱ አነደደ። ለጠላው ጊዜ ስላልነበረው ማር በጠበጠ።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ጓንጉል ቅንድቡ ተለብልቦ፣ በአንድ እጁ ጽዋውን፣ በራሱ ላይ ድፎውን ይዞ መጣ። መምሬ ባረኩ። አባ ፈንታ ቀድመው ቀመሱ።

«እንዴት ነው አባ?» አለ ጓንጉል።

«ዳሩ አሯል።»

«መሃሉስ?»

አባ ፈንታ ደጋግመው አላመጡ። «መሃሉ ደግ ነው። እስኪ ድገመኝ።»

ጓንጉል በእጁ ደገማቸው። አንጓችም መቀነቷን ለቀቅ አድርጋ፣ ከስምንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳቦ በላች። ማንም ስም አልተፋቀም።

እኔ እንደ ሌላው ተረተኛ አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልልም፤ ደጅ የቆመውን የኔ ቢጤ ጥሩና እሱን አጉርሱልኝ። ነገሩን ግን ያዙ፦

የንፉግ ቤት፣ ስድብ አጥሩ፣ ጉርሻ በሩ።