በፍቺ ቀን የተሰማ እልልታ

ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን፣ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሰባት ዓመት ሆነው። አንዲት ሴት እዚሁ ሰንበቴ ቤት በር ላይ ቆማ ሽማግሌዎች እስኪጠሯት ትጠብቃለች። ባሏም ከወይራው ሥር ቆሞ ይጠብቃል። በመካከላቸው አሥር እርምጃ አይሞላም። ሰላም አልተባባሉም።

ስማቸውን አልነግራችሁም፤ ልጅ እያሳደጉ ነው። ዛሬ አርባቸውን ያወጣንላቸውን ጋሽ እንግዳሸትን ግን በስማቸው እጠራለሁ። ያን ቀን ያደረጉትን አብሬያቸው ተቀምጬ አይቻለሁና።

ባልና ሚስቱ ሊፋቱ ፍርድ ቤት ቀርበዋል። የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። እሱ፣ “ልጄን ወልድያ፣ እናቴ ዘንድ እወስዳታለሁ” ይላል። እሷ፣ “በቁሜ አይወስዳትም! ከእንግዲህ ዓይኗንም አያያትም” ትላለች። ዳኛዋ “እስቲ በሽማግሌ ሞክሩ” ብለው ጊዜ ሰጥተዋቸው ነበር። ከዚያ ውስጥ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። ዘጠኙ ቀን እንዲሁ ካለፈ ልጅቱ ወይ አባቷን ወይ እናቷን ታጣለች ብለን ሁላችንም ፈርተናል።

ሽማግሌ አልነበረም ወይ? ነበረ እንጂ! እሱ ሁለት አመጣ፣ እሷም ሁለት አመጣች። ከእሱ ወገን አንዱ እኔ ነበርኩ። ከእሷ ወገን አጎቷ አቶ አየነው ነበሩ። ሦስት እሑድ ተቀመጥን። ምን ሠራን? ጮኽን። እኔ ለእሱ ጮኽኩ፤ አቶ አየነው ለእሷ ጮኹ።

“ይሄ ባጃጅ ነጂ አባት ነው? ልጅቱ መልኩን የምታውቀው በፎቶ ነው!” ይላሉ እሳቸው።

“ኧረ ይተዉ! የእህትዎ ልጅ ምላስ እንኳን ባል ባጃጅ ያስቆማል!” እላለሁ እኔ።

እኛ ይህን ስንባባል ባልና ሚስቱ ምን ይሉ ነበር? ምንም። ሦስት እሑድ ሙሉ አቀርቅረው ተቀመጡ። ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ ጠበቃውም እኛው ሆንን። ወገኖቼ፣ ይህ የሁላችን ስሕተት አይደለም? ሽማግሌ ስንፈልግ የምንመርጠው የሚያስታርቀንን ነው ወይስ የሚጣላልንን?

በአራተኛው እሑድ፣ በዚያ ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን፣ ጋሽ እንግዳሸት ተለምነው መጡ። ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ የፈጁ ጡረተኛ ነበሩ። ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው አራታችንንም አዩን።

“እናንተ የማን ሽማግሌ ናችሁ?”

“የእሱ” አልን እኛ። “የእሷ” አሉ እነ አቶ አየነው።

“በሉ ተነሡ። የእሱ ሽማግሌዎች ወደ እሷ ሂዱ፤ የእሷ ሽማግሌዎች ወደ እሱ። አንድ ሰዓት ትሰማላችሁ። ስትመለሱ የሰማችሁትን ብቻ ትናገራላችሁ። ከራሱ አንዲት ቃል የጨመረ በዚያ በር ይወጣል።”

አቶ አየነው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። “ጋሼ፣ እኔ እኮ የመጣሁት የእህቴን ልጅ ልረዳ ነው!”

“ሦስት እሑድ ረዳሃት፣ አየነው። ዛሬ ደግሞ አርፈህ ስማ።”

ሄድን። እኔ ከሴቲቱ ጋር እዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ፊቷን አዞረችብኝ። ሦስት እሑድ የሰደብኳት ሰው ነኝ፤ ምን ትበለኝ? በኋላ ግን ተናገረች። ስትናገር አንገቴን ደፋሁ።

ስንመለስ አቶ አየነው ቀድመው ቆሙ።

“ያለኝ ይሄን ነው” አሉ። “‘ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሰው ልጆች በባጃጄ ጭኜ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። የጫማቸውን ክር አስርላቸዋለሁ። የራሴን ልጅ ግን ተኝታ ትቻት እወጣለሁ፤ ስገባም ተኝታ አገኛታለሁ። አሁን ደግሞ ከቤት ልወጣ ነው። ጭራሽ ትረሳኛለች። እናቴ ዘንድ ብትሆን ግን ስሜ ይጠራላታል ብዬ ነው።’” ከራሳቸው አንዲት ቃል ሳይጨምሩ ተቀመጡ።

ከዚያ እኔ ተነሣሁ።

“ያለችኝ ይሄን ነው። ‘እኔን ያሳደገችኝ የአባቴ እናት ናት። እናትሽ ጥላሽ ሄደች እየተባልኩ ነው ያደግሁት። እናቴ ግን አልጣለችኝም፤ በየዓመቱ ትመጣ ነበር፤ ከበር ይመልሷት ነበር። ይህን የሰማሁት እሷ ከሞተች በኋላ ነው። ልጄ እኔን እንደዚያ ብላ እንድታስበኝ አልፈልግም።’”

ባልየው ቀና ብሎ አያት።

“ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም።”

“ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?”

“አላውቅም” አለ።

ወገኖቼ፣ ከሦስት እሑድ ጩኸት በኋላ ሁለቱ የተነጋገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር!

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተስማሙ። ልጅቱ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት ግን አባቷ ከተማሪዎቹ ሁሉ በፊት መጥቶ እሷን ያነሣል፤ የጫማዋንም ክር እሱ ያስራል። ከቅዳሜ እስከ እሑድ ማታ የእሱ ናት። ማንም በልጅቱ ፊት የሌላውን ስም በክፉ አያነሣም። የባልየው እናት እማማ ጦቢያው በስልክ ተጠርተው፣ “የእናቷን ስም ከማር ጋር ነው የማነሣላት፤ እዚህ ቤት ያለችው ማርያም ትስማኝ!” አሉ። ይህን ስትሰማ እናትየዋ ራሷ፣ “እንግዲያው ክረምት ሲገባ ሦስት ሳምንት ወልድያ ትክረም” አለች። ማንም አልጠየቃትም!

እኔ ግን አልረካሁም። “ጋሼ፣ ይፋታሉ እኮ፤ አላስታረቅናቸውም” አልኳቸው።

“ትዳሩ እንዳለቀ ነግረውሃል፤ እመናቸው። ያቺ ልጅ ግን ዛሬ የሚነጋገሩ ወላጆች አላት። ይሄ ዕርቅ ካልሆነ ምን ልትለው ነው?”

ታኅሣሥ ሁለት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ዳኛዋ ስምምነቱ የተጻፈበትን ወረቀት አንብበው፣ “ይህን ማን አረቀቀላችሁ?” አሉ። “እኛው” አሉ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ፍርድ ቤቱ አጸደቀው።

ከግቢው ስንወጣ ከወልድያ በሌሊት መኪና የመጡት እማማ ጦቢያው ነጠላቸውን አገልድመው እልልታውን አቀለጡት! መንገደኛው ሠርግ መስሎት ቆመ። ሙሽራዋን የሚፈልግም ነበር።

“እማማ፣ ኧረ ፍቺ ነው! በፍቺ እልል ይባላል እንዴ?” አሉ አቶ አየነው።

“ታዲያ ሙሾ ላውርድ? ልጄ ልጁን አላጣ፣ ልጅቱ እናቷን አላጣች! አንተም አግዘኝ እንጂ!”

አቶ አየነው ሣቁ። ከዚያ “ይሄ አባት ነው?” ይሉት የነበረውን ሰው አቅፈው ሳሙት።

እንግዲህ እናንተስ? ዛሬ በቤታችሁ ጠብ ያለባችሁ፣ ከወንድም ጋር በርስት፣ ከሚስት ጋር በልጅ የተካረራችሁ፣ ሽማግሌያችሁ ማን ነው? የሚጮኽላችሁ ነው? ወይስ ያኛውን ወገን ሰምቶ የሚመጣላችሁ? እናንተ ሽማግሌ ሆናችሁ የምትጠሩትስ፣ ስትገቡ ወዴት ነው የምትቀመጡት?

ጌታችን ከሩቅ ሆኖ አላዘነልንም። መጥቶ እኛ ባለንበት ተቀመጠ። ተራበ፣ ደከመው፣ አለቀሰ። ከዚህ የበለጠ የሽምግልና ትምህርት ከየት ታመጣላችሁ?

ሂዱና የተጣላችሁትን ሰው አንድ ሰዓት ስሙት። ከዚያ የእሱን ነገር እሱ እንደተናገረው አድርጋችሁ ተናገሩ። ካቃታችሁ ገና አልሰማችሁትምና ተመለሱ፤ እንደገና ስሙት። ልጆቻችሁን በመካከል አትሰንጥቁ። መፋታት እንኳ ግድ ቢሆንባችሁ፣ አባትና እናት ሆናችሁ ተፋቱ።

የጋሽ እንግዳሸትን ነፍስ ይማርልን።

ባልና ሚስቱ ተመልሰው አልተጋቡም። እናትየዋ ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ትዳር መሠረተች። ልጅቱ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ናት።